ትራስ ከመደረባችሁ በፊት፦ ስለ ፒክአፕ ሹፌር ወንበር የቀረበ ንግግር

ክቡራትና ክቡራን፣ ጤና ይስጥልኝ።

የፒክአፕ ሹፌር ወገቡን ወይም መቀመጫውን ሲያመው መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ይታወቃል፤ ትራስ ይደርባል። ትራሱ ለጥቂት ቀን ደህና ይመስላል። ቀጥሎ ሕመሙ ቦታ ይቀይርና ወደ ወገብ ወይም ወደ አንገት ይወጣል፤ ያኔ ሁለተኛ ትራስ ከጀርባ ይመጣል። በዚህ አካሄድ ሹፌሩ ከፔዳሉም፣ ከመሪውም፣ ከጣሪያውም ያለው ርቀት ይዛባል፤ የደህንነት ቀበቶውም ከዳሌው ተነስቶ ሆዱ ላይ ያርፋል። ዛሬ ላስረዳችሁ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ወንበር የሚስተካከለው ከታች ወደ ላይ ነው። ከጎማው ተነስተን፣ በወለሉ ብሎን፣ በሞላውና በስፖንጁ አልፈን ትራስ ላይ የምንደርሰው መጨረሻ ላይ ነው። ብዙ ጊዜም እዚያ ሳንደርስ ችግሩ ያልቃል።

ፒክአፕ ከቤት መኪና የሚለየው በምንድን ነው? የኋላ እግሩ አብዛኛውን ጊዜ ባሌስትራ፣ ማለትም ከተደራረቡ የብረት ቅጠሎች የተሠራ ሞላ ላይ የቆመ ነው፤ ባሌስትራው ደግሞ የተሠራው ሙሉ ጭነት ለመሸከም ነው። ጭነቱ ሲወርድ ባሌስትራው እምብዛም አይተጣጠፍም። የመንገዱ ምት በሻንሲው፣ ማለትም በመኪናው የብረት አጽም አልፎ ወደ ጋቢናው፣ ከጋቢናው ወለል ወደ ወንበሩ ይገባል። የሰው አካል ሽቅብና ቁልቁል ከሚነቀንቀው ነገር ሁሉ ይበልጥ የሚከብደው በሰከንድ ከ4 እስከ 8 ጊዜ የሚመላለሰው ነው፤ አይኤስኦ 2631 የተባለው ዓለም አቀፍ የሰውነት ንዝረት መለኪያም ለዚህ ክልል ከፍተኛ ክብደት ይሰጣል። ሆድ ዕቃውና አከርካሪው በዚህ ምት ጊዜ አብረው ይወዛወዛሉ። ተራ የመኪና ስፖንጅ ደግሞ ሰው ሲቀመጥበት የራሱ መወዛወዣ በሰከንድ 4 ጊዜ አካባቢ ነው። እዚያ ላይ ንዝረቱን ያጎላዋል እንጂ አይቀንሰውም። ከዚያ በላይ ያለውን ፈጣን ንዝረት ግን በደንብ ይውጣል። ስለዚህ በስፖንጅ የማይጠፋ መናወጥ አለ፤ እሱ የሚያዘው ምንጩ ላይ ነው።

ምንጩ ጋ የመጀመሪያው ነገር የጎማ ንፋስ ነው። ጎማው የሚፈልገው ልክ በሹፌሩ በር ምሰሶ ላይ በተለጠፈው ምልክት ተጽፏል። ብዙ ፒክአፖች ላይ ሁለት ቁጥር ታገኛላችሁ፤ አንዱ ለባዶ፣ አንዱ ለሙሉ ጭነት። ሹፌሩ ለጭነት ቀን የሞላውን ሳያስተነፍስ ሳምንቱን ሙሉ ባዶውን ከነዳ፣ ወገቡን የሚመታው ወንበሩ ሳይሆን ጎማው ነው። ልኩ የሚወሰደው ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ፣ መኪናው ሦስት ሰዓት ያህል ከቆመ በኋላ ነው። ለምቾት ብሎ ከተጻፈው በታች ማስተንፈስ ግን ፈጽሞ አይገባም። ጎማው በጎኑ ይታጠፋል፣ ይግላል፣ በፍጥነት ላይ ሊፈነዳ ይችላል።

ሁለተኛው የሞላውን ዝላይ የሚያበርደው አሞርዛተር ነው። ዘይት ካላበው፣ ወይም መኪናው ከአንድ ጉብታ በኋላ ደጋግሞ የሚዘል ከሆነ ጊዜው አልፏል። ባሌስትራው ቅጠሎቹ ዝገው እርስ በርስ ከተጣበቁ ለትንንሽ ምቶች ጨርሶ አይሠራም። ጫፍና ጫፉ ላይ ያሉትን ጎማ ቡሾችም እዩ። ጭነት እንዲችል ተብሎ ተጨማሪ ቅጠል የገባበት መኪና በባዶው ድንጋይ ነው፤ የሚጫነው አልፎ አልፎ ብቻ ከሆነ ቅጠሉን ማውጣት ከማንኛውም ውድ ወንበር ይበልጣል። ጋቢናው ሻንሲው ላይ የሚያርፍባቸው ወፋፍራም ጎማዎችም ይረሳሉ። ሲደርቁና ሲሰነጠቁ ብረት ከብረት ይገናኛል፤ ንዝረቱ በፔዳሉና በመሪው ሳይቀር ይሰማል።

አሁን ወደ ጋቢናው እንግባ። ምንም ከመንካታችሁ በፊት ሕመሙን ጠይቁት፦ የት ነው? ከስንት ጊዜ በኋላ ነው የሚጀምረው? የመቀመጫ አጥንቶች ገና በ20 ወይም በ30 ደቂቃ ውስጥ የሚቃጠሉ ከሆነ ስፖንጁ ሞቷል፤ አጥንቱ ከሥር ያለውን ሽቦ ወይም ላሜራ እያገኘ ነው። ከአንድና ከሁለት ሰዓት በኋላ የታችኛው ወገብ ከደነዘዘ የወገብ ድጋፍ ጠፍቷል፣ ወይም የወንበሩ የኋላ ግማሽ ሰምጦ ዳሌውን ወደኋላ እየገለበጠው ነው። ጭኑ ከታች ተጨቁኖ እግር የሚደነዝዘው የወንበሩ የፊት ጠርዝ ከፍ ሲል ወይም ወንበሩ ከእግሩ በላይ ሲረዝም ነው። ትከሻና አንገት የሚያመው መደገፊያው በጣም ተለጥጦ እጅ ወደ መሪው ሲንጠራራ ነው። ከአንድ ጎን ብቻ የሚያም ዳሌ ሲያጋጥም መጀመሪያ የኋላ ኪስ ውስጥ ያለው ቦርሳ ይውጣ፤ ቦርሳው ዳሌውን አጋድሎ ወደ እግር የሚወርደውን ትልቁን ነርቭ ይጫናል። ከዚያ በኋላም ካላቆመ ከበሩ በኩል ያለው የወንበሩ የጎን ጉብታ ተሰብሯል፣ ወይም በአንድ ወገን ያለ ሞላ ከመንጠቆው ወጥቷል። ከወንበር ከወረዱ በኋላም የማይለቅ መደንዘዝ፣ ከጉልበት በታች የሚወርድ ሕመም ወይም የእግር መዛል ካለ ግን ነገሩ የወንበር ጉዳይ አይደለም፤ ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል።

አቀማመጥን ማስተካከል ገንዘብ አያስወጣም፤ ቅደም ተከተሉ ግን መጠበቅ አለበት፣ አንዱ ሌላውን ያዛባልና። መኪናው ቆሞ፣ ዳሌያችሁን እስከ መደገፊያው ጥግ አስገቡ። ወንበሩ ከፍታው የሚቀየር ከሆነ ዳሌው ከጉልበት ጋር እኩል ወይም በትንሹ ከፍ ይበል፤ በራስና በጣሪያ መካከል ግን ቢያንስ አንድ ጭብጥ ይቅር። ቀጥሎ ፊትና ኋላ፦ ፍሪሲዮኑን እስከ ወለሉ ስትረግጡ ጉልበታችሁ ገና በትንሹ መታጠፍ አለበት፤ ካምቢዮው አውቶማቲክ ከሆነ ፍሬኑን በኃይል ረግጣችሁ ለኩ። በወንበሩ ጠርዝና በጉልበት ማጠፊያ መካከል ሁለት ወይም ሦስት ጣት ይግባ። መደገፊያው ከመቀመጫው ጋር ከ100 እስከ 110 ዲግሪ ያህል ይከፈት። ትከሻችሁ ሳይነሳ የእጃችሁ አንጓ የመሪው አናት ላይ ካረፈ ርቀቱ ልክ ነው። ደረት ከመሪው መሐል ቢያንስ 25 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፤ ኤርባጉ የሚነፋበት ቦታ ነው። የራስ መደገፊያው አናት ከራሳችሁ አናት ጋር ይስተካከል፣ ከማጅራት እጅግ አይራቅ።

መስታወቶቹ መጨረሻ ላይ ይስተካከሉ፤ የኋላ ማሳያው ደግሞ ቀጥ ብላችሁ እንደተቀመጣችሁ። ከሁለት ሰዓት በኋላ መስታወቱ ወደ ላይ የዞረ ከመሰላችሁ፣ የወረዳችሁት እናንተ ናችሁ። መስታወቱን አትንኩ፤ ዳሌያችሁን መልሱ።

እዚህ ላይ የብዙ ፒክአፕ ጉድለት ይገለጣል። ርካሽ በሆኑት ሞዴሎች ወንበሩ ፊትና ኋላ ከመሄድና መደገፊያው ከመጋደም ሌላ ምንም ማስተካከያ የለውም፤ የመቀመጫው ዘንበል ፋብሪካው የወሰነው ነው። የፊት ጠርዙ ዝቅ ካለ ጭኑ አየር ላይ ይንጠለጠላል፣ ሰውነት ወደፊት ይንሸራተታል፣ ሹፌሩም ቀኑን ሙሉ ራሱን በእግሩ እየገፋ ይውላል። መድኃኒቱ የወንበሩን ሐዲድ የፊት ብሎኖች አንስቶ ከሥር ጠንካራ ብረት ማስገባት ነው። የፊትና የኋላ ብሎኖች በ40 ሳንቲ ሜትር ቢራራቁ፣ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት 1.4 ዲግሪ ያህል፣ 20 ሚሊ ሜትር ደግሞ ወደ 3 ዲግሪ ይሰጣል። ትንሽ ይመስላል፤ ለጭን ግን ብዙ ነው። በ10 ጀምራችሁ አንድ ሳምንት ንዱ። ከ20 በላይ አልመክርም። የፊት ጠርዙ የጭኑን ደም መልሶ መጫን ይጀምራል፤ የሐዲዱም እግር ወለሉ ላይ በደንብ አያርፍም።

ይህ ሥራ ቀላል ስለሆነ ነው የሚያስፈራው። የአሜሪካ የተሽከርካሪ ደህንነት መለኪያ ቁጥር 207 የወንበሩ መያዣ የወንበሩን ክብደት 20 እጥፍ ወደፊትም ወደኋላም እንዲሸከም ይጠይቃል። የቀበቶው መቆለፊያ ወንበሩ ላይ የታሰረ ከሆነ ደግሞ የሰውየውም ክብደት እዚያው ይጨመራል። ስለዚህ ከሥር የሚገባው ነገር አንድ ወጥ ብረት ይሁን፤ የተደራረበ ቀጭን ሮንዴላ፣ እንጨት፣ ፕላስቲክና አልሙኒየም ቧንቧ አይሆንም። ብሎኑ በገባው ብረት ልክ መርዘም አለበት፤ 10 ሚሊ ሜትር ከጨመራችሁ ብሎኑም 10 ሚሊ ሜትር ይርዘም። የድሮውን ብሎን ብትመልሱት ዳዶው ውስጥ የሚይዘው ሁለትና ሦስት ጥርስ ብቻ ይሆናል፤ ቢያንስ የብሎኑን ውፍረት ያህል ርዝመት ጥርስ ለጥርስ መያያዝ አለበት። የብሎኑ ጭንቅላት ላይ የተጻፈውን የጥንካሬ ቁጥርም አንብቡ። 8.8 የነበረውን በ8.8፣ 10.9 የነበረውን በ10.9 ተኩ፤ ቁጥር የሌለው ብሎን ለወንበር አይገባም። ማጥበቂያው ኃይል በመኪናው መመሪያ ላይ ያለው ነው፤ ከሳምንት ንዳት በኋላ ደግሞ እንደገና ይፈተሽ።

አሁን ወደ ስፖንጁ። ይህ የነገሩ እምብርት ነውና እንቆይበት።

ወንበራችሁ መሞቱን ለማወቅ ባለሙያ አያስፈልግም፤ ማመሳከሪያው አጠገባችሁ አለ። ተሳፋሪው ወንበር አብዛኛውን ጊዜ ተመሳሳይ ስፖንጅ ነው፣ የተቀመጠበት ሰው ግን ጥቂት ነው። ቀጥ ያለ ዱላ ከጎን ጉብታ እስከ ጎን ጉብታ አጋድሙና ከዱላው እስከ መቀመጫው መሐል ያለውን ጥልቀት በማስመሪያ ለኩ። በሁለቱም ወንበር። የሹፌሩ ከ2 ሳንቲ ሜትር በላይ ከጠለቀ ስፖንጁ ወይም ሞላው ሄዷል። ከዚያ በጉልበታችሁ መሐሉን ተጫኑ፤ ሽቦ ከተሰማችሁ ምርመራው አልቋል። ወንበሩን ይዛችሁ ግራና ቀኝ ነቅንቁት። የሚንኳኳ ከሆነ የሐዲዱ መንሸራተቻ ተበልቷል፤ በዚያ ሁኔታ ስፖንጅ መቀየር አያሳርፍም።

ወንበሩን ከማውጣታችሁ በፊት የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ፍቱና ቢያንስ 10 ደቂቃ ጠብቁ፤ መመሪያው ከዚህ የረዘመ ጊዜ ካዘዘ እሱን ተከተሉ። ከወንበሩ ሥር ቢጫ ሶኬት ካለ የኤርባግ ወይም ቀበቶውን የሚያጠብቀው ፈንጂ መስመር ነው። ሶኬቱ ተነቅሎ ሳለ ቁልፍ አትክፈቱ፤ ማስጠንቀቂያ መብራቱ በርቶ ይቀራል። አራቱን ብሎኖች ፍቱ። ወንበሩ ከ20 ኪሎ ሊያልፍ ስለሚችል ለሁለት አውጡት፤ በሩን የሚቧጭረው ሁልጊዜ የሐዲዱ ጫፍ ነው፤ በጨርቅ ሸፍኑት።

ስትገለብጡት እንደ እባብ የተጠማዘዙ ሽቦዎች ወይም የሽቦ መረብ ታያላችሁ። የወጣ፣ የተሰበረ፣ የላላ ካለ በመጀመሪያ እሱ ይጠገን። ከሽቦው በላይ ወፍራም ጨርቅ ወይም ጆንያ መሰል ነገር መኖር አለበት፤ እሱ ሲበሰብስ ሽቦው ስፖንጁን እንደ ቢላ እየቆረጠ ይገባል። በዚህ ቦታ የሚሠራው ትልቁ ስህተት በሽቦውና በወንበሩ ብረት መካከል ያለውን ክፍት ቦታ በጨርቅ ወይም በእንጨት ማጨቅ ነው። ቦታው ባዶ የሆነው ሽቦው እንዲወርድበት ነው። ከታጨቀ ሞላ የለም ማለት ነው፤ የመንገዱ ጉድጓድ ምት ቀጥታ አከርካሪው ላይ ይደርሳል።

የወንበሩ ልብስ የተያዘው በትንንሽ የሽቦ ቀለበቶች ነው። በፒንሳ ቆርጣችሁ አውጡ፣ ከኋላ ጀምራችሁ ወደፊት ግፈፉት፤ አዲስ ቀለበት ስላላችሁ ለአሮጌው አትዘኑ። ስፖንጁ ከላይ የተሰነጠቀ ብቻ ከሆነ ስንጥቁን ማስቲሽ ቀብታችሁ ማያያዝ ይበቃል። የሰመጠ ከሆነ የሚጨመረው ከሥር ነው፤ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር የሆነ ጠንከር ያለ ስፖንጅ። ከላይ ከጨመራችሁ ፋብሪካው ቀርጾ ያወጣው ቅርጽ ይጠፋል፣ የልብሱ ስፌትም ቦይው ውስጥ አይገባም። የምትጨምሩት ቁራጭ ጠርዙ በሰያፍ ይቆረጥ፤ ቀጥ ብሎ ከተቆረጠ ደረጃ ሆኖ ከአንድ ሳምንት በኋላ ጭን ላይ ይሰማል። ማስቲሹን በሁለቱም ገጽ ስስ አድርጋችሁ፣ በዳርቻው ብቻ ቀቡ፤ እጅ ላይ መጣበቅ ሲጀምር ግጠሙ። መሐሉን ሁሉ የቀባ ሰው ስፖንጅ መሐል ጠንካራ ሰሌዳ ሠራ ማለት ነው።

ስለ ስፖንጅ ምርጫ ሁለት ቃላት ይምታታሉ፦ ጥንካሬና እፍግታ። ጥንካሬ ስትጫኑት የሚሰማችሁ ነው። እፍግታ በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ ስንት ኪሎ ቁስ አለ የሚለው ነው፤ ዕድሜውን የሚወስነውም እሱ ነው። 20 ኪሎ የሆነ ስፖንጅ በእጅ ሲነካ ጠንካራ ሊመስል ይችላል፤ ግን በጥቂት ወር ውስጥ ይተኛል። ለሹፌር ወንበር ከ50 ኪሎ ያልወረደ ፈልጉ። ሻጩ የሚለውን ማመን አያስፈልጋችሁም፣ ሚዛን አለ፦ 40 በ40 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ውፍረቱ 5 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቁራጭ 400 ግራም ያህል መመዘን አለበት። 160 ግራም ካለ የሰጧችሁ የ20 ኪሎውን ነው።

ልብሱን ስትመልሱ በስፖንጁ ላይ ስስ ላስቲክ ብታለብሱት ይንሸራተትላችኋል፤ ከዚያ ላስቲኩን ስባችሁ አውጡ፣ አለበለዚያ ላብ ያቁራል። የማሞቂያ ሽቦ ወይም ሰው መቀመጡን የሚያውቅ ስስ መዳሰሻ ካለ አታጣጥፉት፣ ማስቲሽ አትቀቡት፣ ስፖንጅም አትደርቡበት። መደገፊያው ጎን ኤርባግ ያለበት ወንበር ላይ ደግሞ ስፌቱ እንዲቀደድ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ተራ ክር መትቶ መዝጋት ኤርባጉን ማሰር ነው። ከላይ የሚለበሰው ሽፋንም እዚያ ጎን ክፍት መሆን አለበት።

የወገብ ድጋፍ ብዙ አያናግርም። ፎጣ ጠቅልሉ፣ የሱሪ ቀበቶ በሚታሰርበት ከፍታ ከኋላ አስገቡ፣ አንድ ቀን ንዱ። ከ2 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። ዳሌው ላይ ካረፈ ወደፊት ገፍቶ ያንሸራትታችኋል፤ የጎድን አጥንት ላይ ከወጣ ያስጎነብሳችኋል። ቦታው በፎጣ ከታወቀ በኋላ በዚያው ውፍረትና ከፍታ ስፖንጅ ቆርጦ በመደገፊያው ልብስ ሥር ማስገባት ከየትኛውም ተንጠልጣይ ትራስ ይሻላል፤ ከቦታው አይንቀሳቀስምና።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ትራስ ካስፈለገ፣ ይሁን። ግን ሒሳቡን እወቁ። 3 ሳንቲ ሜትር ትራስ እናንተን 3 ሳንቲ ሜትር ሲያነሳችሁ የወንበሩ የወገብ ጉብታ ከእናንተ አንጻር 3 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል፤ አዲሱ የወገብ ሕመም የመጣው ከዚያ ነው። ከተቀመጡበት በኋላ ከ2 እና ከ3 ሳንቲ ሜትር በላይ የሚቀር ትራስ አትውሰዱ፤ ከሥሩም የማያንሸራትት ይሁን። ቀበቶው ከዳሌ አጥንት ላይ ዝቅ ብሎ ማለፉን ከተቀመጣችሁ በኋላ በእጃችሁ ፈትሹ። በጣም ለስላሳ ትራስ ላይ በግጭት ጊዜ ዳሌው ሰምጦ ከቀበቶው ሥር ሊሾልክ ይችላል፣ ቀበቶውም ሆድ ዕቃን ይቆርጣል። ቅርጽ የሚያስታውሰው ስፖንጅ በብርድ ይደርቃል፣ በሙቀት ይለሰልሳል፤ ጠዋትና ቀትር ሁለት የተለያየ ወንበር ነው። በአየር የሚነፋው ጥሩ ነው፣ ግን አብዛኛው ሰው አጥብቆ ይነፋውና ኳስ ላይ ይቀመጣል። ሞልታችሁ ተቀመጡበት፣ ከዚያ የመቀመጫ አጥንታችሁ ከሥረኛው ወለል አንድ ወይም ሁለት ሳንቲ ሜትር እስኪቀረው አየሩን ልቀቁ። ላብ ለሚያስቸግረው ደግሞ የቆዳ መሰሉን ፕላስቲክ ልብስ በጨርቅ መቀየር ወይም መረብ ያለው ስስ ምንጣፍ ማንጠፍ ይበቃል።

ከሌላ መኪና ወንበር አውጥቶ መግጠምንም ሆነ በአየር የሚንሳፈፈውን የከባድ መኪና ወንበር የሚመኙ ብዙ ናቸው። የመጀመሪያው የሚሆነው የሐዲዱ ብሎኖች በቀጥታ ሲገጥሙ ብቻ ነው፤ በእጅ ከላሜራ የተቆረጠ መያዣ በግጭት ጊዜ እንደ ወረቀት ይታጠፋል። ሁለተኛው የሚሠራው ሽቅብና ቁልቁል የሚሄድበት ብዙ ሳንቲ ሜትር ሲኖረው ነው። በዝቅተኛ ጋቢና ውስጥ መውረጃ አጥቶ መጨረሻው ላይ ከተጋጨ ምቱ ከተራ ወንበር የባሰ ይሆናል። ቀበቶው በምሰሶው ላይ ታስሮ ወንበሩ ብቻ የሚዘል ከሆነ ደግሞ በእያንዳንዱ ጉብታ ቀበቶው እያጠበቀ ይሄዳል። ለአብዛኛው ፒክአፕ ምክሬ የራሱን ወንበር ማደስ ነው።

የታደሰ ወንበርም ቢሆን ሰው ሳይንቀሳቀስ እንዲውልበት አልተሠራም። በየሁለት ሰዓቱ ወርዶ ጥቂት ደቂቃ መራመድ የሥራው ክፍል ነው። ፒክአፕ ነጂ ደግሞ ከሌላው ሹፌር የተለየ አንድ ልማድ አለው፤ መኪናውን አቁሞ ወዲያው ኋላ ሄዶ ጭነት ያወርዳል። ለሰዓታት ተቀምጦና ተናውጦ የቆየ ወገብ ጡንቻው ደክሟል፣ በአከርካሪ መካከል ያለው ዲስክም ሸክም ለመቀበል አልተዘጋጀም። ስትደርሱ የኋላውን በር ክፈቱ፣ ገመዱን ፍቱ፣ ወረቀቱን አስፈርሙ፣ ጎማውን ዞራችሁ እዩ። የመጀመሪያውን ኩንታል ከዚያ በኋላ አንሱ።